ሆዷን ያመማት መኪና

እኛ ደህና ነን። መኪናችን ግን ሆዷን ታማ ከርማለች።

ወደ ሕመሟ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “እኛ” የምትለዋ ቃል ትበዛለች። ጋዜጠኝነት ስንማር መምህራኖቻችን “ማን?” የሚለውን ጥያቄ ያልመለሰ ዜና ዜና አይደለም እያሉ ነው ቀይ እስክሪብቷቸውን የጨረሱብን። ገብቶናል። በዚህኛው ታሪክ ግን “ማን?” የምትለዋ ጥያቄ ትንሽ ታምማለች። ስለዚህ መጨረሻ ላይ እስክንመልሳት ድረስ በ“እኛ” ታገሱን።

“እኛ” አምስት ነን። አባባ፣ እማዬ፣ አያታችን እማማ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዕረፍት ብቻ ብቅ የሚለው ታናሽ ወንድም፣ እና ጋዜጠኝነት ተመርቃ ቤት ውስጥ ስትጽፍ የምትውለው ልጅ። ስድስተኛዋ መኪናችን ናት። ብርማ ቪትዝ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የዕቁብ ዕጣውን ከቁጠባው ጋር ደምሮ ገዛት። በ2012 ዓ.ም. አሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ከፍ ከማለቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ስለገዛት፣ “በሕይወቴ በሰዓቱ የደረስኩት ለእሷ ብቻ ነው” ይላል። እማዬ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ልትል ትልና የሠርጓን ቀን አስባ ዝም ትላለች።

ችግሩ መኪናዋ አይደለችም፤ መንገዱ ነው። የሰፈራችንን ስም አንጠራም። ከጠራነው ሌላ ሰፈር ያላችሁት “አሃ፣ እዚያማ ነው!” ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ባንጠራው ግን ሁላችሁም የየራሳችሁን ሰፈር ታስባላችሁ፤ ደግሞም አትሳሳቱም። ከአስፋልቱ እስከ ኮንዶሚኒየማችን ደጃፍ 1 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ።

አባባ የጂኦግራፊ ሰው ነውና መንገዱን እንደ ካርታ ከፋፍሎ ስም አውጥቶለታል። መጀመሪያ የሚመጣው “ገንዳው” ነው፤ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ። ቀጥሎ “ግመሉ” አለ፤ አንድ ጊዜ የውኃ ቱቦ ተቀብሮበት አፈሩ እንደተቆለለ የቀረ ጉብታ። ከዚያ “ጥርሶቹ” ይመጣሉ፤ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ሄዶ ራሳቸውን ያወጡ የድንጋይ ረድፎች። ከጥርሶቹ በኋላ ቤታችን ይታያል።

አባባ መኪናዋን ባመጣት በሁለተኛው ቀን ካርቶን አንጥፎ ከስሯ ገባ። በትምህርት ቤት ማስመሪያ ከመሬት እስከ ዝቅተኛው አካሏ ድረስ ለካ። 14 ሳንቲ ሜትር። ወጣና ሁላችንንም ግቡ አለን። አራታችንም ተጠጋግተን ገባን፤ እማማ ሳይቀሩ። እንደገና ለካ። 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል። “አያችሁ? ሻጩ የሚነግራችሁ የባዶ መኪና ቁመት ነው። እኛ ግን ባዶ መኪና አንነዳም” አለ። ከዚያ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ልክ 11 ሳንቲ ሜትር የምትሆን እንጨት ቆረጠና በገመድ መስታወቱ ላይ አንጠለጠላት። ሌላው ሰው መስታወቱ ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ያንጠለጥላል፤ እኛ እንጨት። የማናውቀው ድንጋይ ሲገጥመን አንዳችን እንወርድና እንጨቷን ከጎኑ አቁመን እንለካዋለን። ከእንጨቷ ከበለጠ ሌላ መስመር እንፈልጋለን።

በዚህ ብቻ አላበቃም። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ስንደርስ አባባ መኪናዋን ያቆምና “ውረዱ!” ይላል። እንወርዳለን። ሸክሟ ሲቀንስ መኪናዋ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገኑት እማማ ብቻ ከኋላ እንደ ንግሥት ተቀምጠው ይቀራሉ። አባባ በእርምጃ ፍጥነት ይነዳል፤ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኛ የገበያውን ዘንቢል ይዘን ከኋላ በእግር እንከተላለን። የሰፈር ልጆች አንድ ቀን “ይቺ መኪና ሠርግ ናት ወይስ ለቅሶ?” ብለው ጠየቁን። እማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው “ገና አልለየም!” አሏቸው።

እንግዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጅ መንዳት የተማረችው ከዚህ ሰው ነው። ሕጎቹ አራት ነበሩ። በግጥም ቢሆኑ ኖሮ እንዘምራቸው ነበር፤ በቃላችን ይዘናቸዋል።

አንደኛ፤ ድንጋይ በጎማ ይረገጣል እንጂ በሆድ አይታለፍም። አዲስ ሹፌር ድንጋይ ሲያይ የሚቀናው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ማሳለፍ ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲወጣ መኪናዋም አብራ ከፍ ትላለች፤ በመሃል ሲያልፍ ግን የሚጠብቀው የመኪናዋ ሆድ ነው።

ሁለተኛ፤ ፍሬን ከጉድጓዱ በፊት ይያዛል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይለቀቃል። ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ አፍንጫዋን ትደፋለች። አፍንጫዋን ደፍታ ጉድጓድ ከገባች ፊቷን መሬት ታስመታዋለች። ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱና ስትገቡ እግራችሁን አንሱላት።

ሦስተኛ፤ ጉብታ በሰያፍ ይወጣል። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወጥተው እኩል ከወረዱ የመኪናዋ መሃል ጉብታው ላይ ይንጠለጠላል። በሰያፍ ስትሄዱ ግን ጎማዎቹ ተራ በተራ ይወጣሉ።

አራተኛ፤ ውኃ የሞላ ጉድጓድ ጥልቀቱን አይናገርም። ሌላ መኪና ቀድሞ ሲያልፍ ቆማችሁ እዩ፤ ካልሆነ ወርዳችሁ ለኩ።

ሰው ሕግ የሚያፈርሰው ሳያውቅ አይደለም፤ ሲደክመው ነው።

ነሐሴ ነበር፤ ዓርብ ማታ። እማማን ከፊዚዮቴራፒ እያመጣን ነው። አባባ ለቅሶ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ ዘንቧል፤ ሰፈሩ መብራት የለውም። አስፋልቱ አለቀ። “እንውረድ እንዴ?” አለች እማዬ። ዝናቡን አየችና መልሱን ራሷ ሰጠችው። ማንም አልወረደም። ገንዳውን በቀስታ አለፍን። ግመሉን በሰያፍ ወጣን። ጥርሶቹ ጋ ስንደርስ መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ አንድም ጥርስ አይታይም። ወርዶ መለካት ነበረብን። እንጨቷ መስታወቱ ላይ ትወዛወዛለች። እኛ ግን ቤት ደርሰናል ብለን አሰብን። ሰው ቤቱ ሲቀርበው ዓይኑ ይቸኩላል።

ጓ!

የሚገርመው ድምፁ አይደለም፤ ከድምፁ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። ሦስት ሰዎች መኪና ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው አንድ ነገር ይጠብቃሉ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። እየሄደች ነው። “ተመስገን” አለች እማዬ። ያን ጊዜ ነው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቀይ መብራት የበራችው። ታውቋታላችሁ፤ ጀበና የምትመስለዋ። ከአፏ ጠብታ የሚንጠባጠብላት። “ጀበናዋ በራች” አሉ እማማ ከኋላ። ቡና አማራቸው መስሎን ሳቅን።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና ስለ ጀበናዋ እንንገራችሁ፤ ያኔ ብናውቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፈውም ነበር።

መኪና ከላይ ስትታይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ናት፤ ኤርባግ፣ ኤሲ፣ ዳሽቦርድ። ከስር ስትታይ ግን ጣሊያንኛ ናት። ኮፓ፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ ብሎን። በ1928 ዓ.ም. የገባው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መዝገበ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት የሄደ ይመስላል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሞተሩ ስር የተንጠለጠለው ኮፓ የሚባለው ነው፤ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ሳህን ማለት ነው። የእኛ ዓይነት ትንሽ ሞተር ውስጥ ሦስት ሊትር ገደማ ዘይት አለ። የዘይት ፓምፑ ከዚህ ሳህን እየመጠጠ ወደ ላይ ይልካል፤ ብረት ብረትን እንዳይበላው የሚያደርገው ይህ ዘይት ብቻ ነው። ኮፓው ሲቀደድ ዘይቱ ይፈስሳል። ባይቀደድም ወደ ውስጥ ከጎደጎደ መምጠጫውን ሊደፍነው ይችላል፤ ያኔ አንዲት ጠብታ መሬት ሳትወርድ ሞተሩ ይጠማል። ቀይዋ ጀበና የምትለው ይህን ነው፦ “ዘይት አልደረሰኝም፤ አሁኑኑ አጥፉኝ።” አሁኑኑ ማለት አሁኑኑ ነው። ቤት እስክንደርስ ማለት አይደለም።

እኛ ግን ቤት እስክንደርስ አልን። ጨለማ ነው፣ ይዘንባል፣ እማማ መራመድ አይችሉም። የቀረን ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። ሞተር ግን ምክንያት አይሰማም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከፊት ለፊት ሰው በመዶሻ የሚቀጠቅጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቋ ቋ ቋ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። ቁልፉን ብናዞር፣ ብናዞር… የለችም።

የሱቁ ደጃፍ ላይ የሚቆሙት ልጆች (“ሠርግ ናት ወይስ ለቅሶ” ያሉን እነዚያው) ከዝናቡ ውስጥ ወጥተው መጡ። ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው እማማን ተሸከሟቸው። ሦስቱ መኪናዋን ገፉ። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ የእማማን ጉልበት ሸፈነ። “ዛሬ ለየ፤ ለቅሶ ነው” አሉት እማማ። ልጁ ግን አልሳቀም።

ጠዋት መንገዱን ስናየው በየኩሬው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ተንሳፍፏል። የእኛ ዘይት ነበር። ከጥርሶቹ ጀምሮ እስከ ቆምንበት ድረስ የሄድንበትን መንገድ በቀለም ጽፎብናል። ጋዜጠኛ ማስረጃ ትወዳለች ይባላል። ይኼኛውን አልወደድነውም።

የምናውቀው መካኒክ መጥቶ ከስሯ ገባ። ብዙ ቆየ። መካኒክ ከስር ሲቆይ ሐኪም ላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ዝም እንደሚለው ነው። ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ “ኮፓዋ ተቀዷል። እሱ ቀላል ነው፤ ሞተሯ ግን ተጣብቋል” አለ። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቀ፦

“ማን ነበር የነዳው?”

የነዳችው ልጅ አፏን ከፈተች። አባባ ግን ቀደማት።

“እኛ ነን” አለ።

መካኒኩ ሳቀ። “ጋሼ፣ ስንት ሆናችሁ ነው መሪ የያዛችሁት?”

“አምስት” አለ አባባ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚያ ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ሞተሯ እስኪሠራ ሁለት ወር ፈጀ። ለቤቱ የባንክ ዕዳ ብለን ያሰብነው የዕቁብ ዕጣ ወደ ጋራዥ ሄደ። ገንዘብ ይመለሳል፤ የሚከብደው ሌላው ነው። እማማ ከዚያ ማታ በፊት በከዘራ ብቻ ከአልጋቸው እስከ በረንዳው መራመድ ጀምረው ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ፊዚዮቴራፒ አንዳንዴ በሳምንት አንድ፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም ሆነ። በወንበር ተሸክመን አስፋልት ድረስ የወሰድናቸው ቀናት አሉ። “እኔ ታቦት ነኝ እንዴ?” እያሉ ያስቁናል፤ ግን በመጡ ቁጥር እግራቸው እየደረቀ ነበር። ባለሙያዋ ዓይናችንን አይታ “ልምምዱ ስለተቋረጠ ነው” አለችን። ከከዘራው ወደ ባለ አራት እግሩ መደገፊያ ተመለሱ። ለዚህ ነገር ጋራዥ የለውም።

ታዲያ መኪናዋ ስትነሣ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ ሆዷ ይሸፈን።

መጀመሪያ የገረመን ነገር መሸፈኛ እንደነበራት ነው። ከስር ጥቁር ፕላስቲክ ተገጥሞላታል። መካኒኩ በጣቱ እያጎበጠ አሳየን። “ይኼ ውኃና ጭቃ እንዳይረጫት፣ ነፋሱም ከስር እንዲንሸራተት ነው። ድንጋይ አያውቅም” አለ። ድንጋይ የሚያውቀው ላሜራ ነው። ሶማሌ ተራ ሄደን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የኮፓ መከላከያ ጠየቅን፤ ለእኛ ሞዴል ያገኘነው ብሎን መግቢያው አልገጥም አለ። ከዚያ ምናለሽ ተራ። ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም፤ ያጣችሁት ነገር ቢኖር እንኳ የሚመስለው አለ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገዝተን በያጅ ጋ ወሰድነው።

በዚያ ቀን የተማርነውን እንደ ወንድም እህት እናካፍላችሁ፤ ነገ ይጠቅማችኋል።

ላሜራው የሚታሰረው የመኪናዋ አጥንት ላይ ነው፤ ኮፓው ላይም ሞተሩ ላይም አይደለም። ከኮፓው ጋር ከተነካካ ድንጋዩ ላሜራውን ሲመታው ላሜራው ደግሞ ኮፓውን ይመታዋል፤ ጠባቂው ራሱ መቺ ሆነ ማለት ነው። በመካከላቸው ክፍተት ይኑር። ከኮፓው ዘይት ማውጫ ብሎን ትይዩ ቀዳዳ ይበሳለት፤ አለዚያ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ላሜራውን ስታወርዱ ትኖራላችሁ። አየር የሚያልፍባቸው ሌሎች ቀዳዳዎችም ያስፈልጉታል፤ ሞተር ከስርም ይተነፍሳል፣ የገባው ጭቃና ውኃም መውጫ ይሻል። የታጠፈው የፊት ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን፤ እንደ ማረሻ መሬት እየያዘ እንዳይቀር። መኪናዋ ላይ መበየድ ካለ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ ብየዳው ኤሌክትሮኒክሱን እንዳያቃጥል። ከተገጠመ ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ። የላላ ላሜራ ኮረኮንች ላይ እንደ ከበሮ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ መምጣታችሁን ያውቃል። ደግሞ ከላሜራው በላይ ደረቅ ሣርና ቅጠል እንዳይከማች ተመልከቱ፤ አጠገቡ የሚጋል ማርሚታ አለ።

ላሜራው የሚሸፍነው ከፊት ያለውን ብቻ ነው። ከኋላ የነዳጅ ታንከሩ፣ በወለሉ ስር የሚያልፉት የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች፣ በጎማ ማንጠልጠያ የተንጠለጠለው ማርሚታ ሁሉም እዚያው ባዶአቸውን ናቸው። ስለዚህ አራቱ የአባባ ሕጎች አልተሻሩም። ቀለል ያለ አንድ ልማድም ጨምረናል፤ ማታ መኪናዋ ከምትቆምበት ስር ካርቶን እናነጥፋለን። ጠዋት ካርቶኑን እናነባለን። ደረቅ ከሆነ ሰላም ነው። ነጠብጣብ ካለ ጀበናዋ ሳትበራ ቀድመን እናውቃለን ማለት ነው።

መካኒኩን “ከነጭራሹ ከፍ ብናደርጋትስ?” ብለንም ጠይቀነዋል። ሞላዎቹ ላይ ማስረዘሚያ የሚያስገቡ አሉ። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከፍ ባለች ቁጥር ለጎማዎቹ ጉልበት የሚያደርሱት ዘንጎች ማዕዘናቸው ይበላሻል፣ ቶሎ ያልቃሉ፤ ኩርባ ላይም መጋደሏ ይጨምራል አለ። በዚያ ምትክ የደከሙትን የኋላ ሞላዎች ቀየርን። ጎማውንም ከ165/70 ወደ 175/70 አሳደግነው። አባባ በእርሳስ አሰላው፦ 7 ሚሊ ሜትር ከፍታ። “7 ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?” ብንለው “ያቺ ድንጋይ በስንት ሚሊ ሜትር እንደመታችን ታውቃላችሁ?” አለን። ዝም አልን።

መጨረሻ ላይ አባባ እንደገና ካርቶን አንጥፎ ለካ። ላሜራው ራሱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በልቷል። ሆዷን የሚጠብቀው ነገር ሆዷን ወደ መሬት አቀረበው። አባባ ምንም ሳይናገር እንጨቷን ከመስታወቱ ላይ ፈታና በቢላዋ አሳጠራት።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበን። ውኃ ሲጠፋ ሁላችንም ሮቶ ሰቀልን። መብራት ሲጠፋ አቅም ያለው ጄኔሬተር ገዛ። መንገዱ ሲበላሽ በየመኪናችን ሆድ ላይ ላሜራ አሰፋን። አቅም ያለው ደግሞ ከፍ ያለ መኪና ገዝቶ ከላያችን አለፈ። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሆድ ስንሸፍን ጥርሶቹ እዚያው ቦታቸው ተቀምጠው ይጠብቁናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ላይ ሲቀበሉ ለመኪና የተሠራ መንገድ አልነበረም፤ መኪናዋ ከመንገዱ ቀድማ ነው የመጣችው። እኛ ሰፈር ዛሬም መኪናዋ እንደቀደመች ናት።

ላሜራ መፍትሔ ያልሆነላቸውም መጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። አንዱ ጎረቤታችን “እኔ ኮፓ የለኝም፤ ጀበናም አይበራብኝም” ብሎ ቀለደብን። አባባ ዝቅ ብሎ ከስሯ አየና “ልክ ነህ ወንድሜ። አንተ ግን ከስር ያለህ ባትሪው ነው፤ የመኪናህ ዋናው ዋጋ” አለው። ጎረቤታችን በማግስቱ ጠዋት እንጨት ይዞ ሲለካ አየነው።

ያ ጎረቤት ነው እንግዲህ የኮንዶሚኒየሙ ስብሰባ ላይ ከአባባ ጎን የተነሣው። አባባ ሒሳብ ሠርቶ ነበር የሄደው፤ እያንዳንዱ ባለመኪና ለላሜራ፣ ለማርሚታ ብየዳ፣ ለሞላ በዓመት የሚያወጣው ተደምሮ ስንት መኪና ጠጠር እንደሚገዛ። ሲያነበው አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ እንደተለመደው ግማሹ “የሚመለከተው አካል ይሥራው” አለ፤ ልክ ነው፣ ደብዳቤውም ተጻፈ። ግማሹ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዲጂኖ ይዞ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከግማሽም ያንሳል። ከፍ ያለ መኪና ካላቸው ሦስት ሰዎች መጡ፤ መኪና ከሌላቸው ግን እነዚያ የሱቅ ደጃፍ ልጆች ሁሉም መጡ። ገንዳውን ሞላነው። ግመሉን ቆረጥነው። ከጥርሶቹ ውስጥ ትልልቆቹን ነቀልን። በሚቀጥለው ዝናብ ገንዳው ግማሹን መልሶ ከፈተው። ጥርሶቹ ግን አልተመለሱም፤ የተነቀለ ጥርስ አይበቅልም።

የመታችንን ድንጋይ ለየነው። ጎኑ ላይ ብረት የፋቀው ነጭ ጭረት አለበት። አባባ እንጨቷን ከጎኑ አቆመ፤ አሮጌዋን ቁመት እንኳ በሦስት ጣት ይበልጣል። ልጆቹ ሊወረውሩት ሲሉ እማማ ከበረንዳው “አምጡት!” ብለው ጮኹ። ራሱ ጠፍጣፋ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ “ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ መውጣት መውረድ ይለማመዱ” ብላቸው ነበር። ድንጋዩን ከበረንዳው መደገፊያ ብረት አጠገብ እንዳይነቃነቅ አድርገን ቀበርነው። አሁን በየጠዋቱ ብረቱን ይዘው አንድ እግራቸውን ያነሣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ስምንት ደርሰዋል። ከዘራው ገና ነው። “እናንተን ያስቆመ እኔን ያቁመኝ” ይላሉ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ቀርታለች። ማን ነበር የነዳው?

የነዳችው ይህን የምትጽፍላችሁ ናት። ወርዳ መለካት ያልፈለገችውም፣ ጀበናዋን አይታ ግማሽ ኪሎ ሜትር የጨመረችውም እሷ ናት። ለመምህራኖቻችን ስንል ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በቦታዋ አስቀምጠናታል። ከዚህ ውጭ ግን አባባ እንዳለው ነው። እኛ ነን።

ጀበናዋ ስትበራ ቁሙ። ቸር እንሰንብት!